ሁለት ጉርሻ

ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በያጆቹንና አናጺዎቹን አልፎ በጭቃው ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ሸሪፋ ጋ ሳይገባ አያልፍም ነበር። ቤቱ ስም የለው፣ ታፔላ የለው። አራት ጠረጴዛ፣ ስምንት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ደግሞ ቧንቧ የተበየደለት የዘይት ቆርቆሮ ለእጅ መታጠቢያ። «ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። ያለው ሽሮ፣ ምስርና ሥጋ ወጥ ነው፤ ትናንትም ይኸው ነበር፣ ነገም ይኸው ነው። አንዱ ጠረጴዛ ያነክሳል፣ ጣሪያው በክረምት ሰውና ሰው እንዳይደማመጥ አድርጎ ይጮሃል፣ ግድግዳውን የተደገፈ ሰው ጀርባው ኖራ ሆኖ ይወጣል። ቢሆንም እንጀራው አይሻግትም፣ ወጡ አይቀጥንም፣ ሸሪፋም ለበላተኛ ፊቷን አታጠቁርም። ለድሃ ሰፈር ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል?

ሽሮውንና ምስሩን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላዋል። ሥጋው ግን የሙስሊም ነው፤ የሚበሉትም ሙስሊሞች ብቻ ናቸው። የዚህ ከተማ ሰው አንድ ግቢ ይኖራል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ያሳድጋል፣ ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ወደየራሱ ቢላዋ ነው። ለምን ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። እንዲህ ሆኖ ኖሯል፤ እንዲህ ሆኖም ተከባብሮ ያድራል።

አርብ የሸሪፋ ቀን ነበር። ጁምዓ የሰገደው ነጋዴ ሃያም ሃያ አምስትም ሆኖ ከመስጊድ በቀጥታ እሷ ጋ ይመጣል፣ ሥጋ ወጡንም ድስቱ እስኪጠረግ ይበላል። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ያልወደቀችው በዚያች አርብ ነው። ይህንን እሷም ታውቃለች፣ ሰፈሩም ያውቃል፤ ከመንገዱ ማዶ መስታወትና ቴሌቪዥን ያለው አዲስ ምግብ ቤት የከፈተው ሰውዬም ያውቃል። አዲሱ ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወሬ ተነሳ። ወሬው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። «ሸሪፋ ሥጋዋን የምታሳድረው ክርስቲያን ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ምኑ ከምኑ እንደሚነካካ ማን ያውቃል?» ተባለ።

የፍሪጁ ነገር እውነት ነበር። ሸሪፋ ፍሪጅ የላትም። ቤቱን ያከራዩአት እትዬ ገንዘቤ ግን አላቸው፣ እሳቸውም ደግ ሰው ስለሆኑ የታችኛውን መደርደሪያ ለሸሪፋ ለቀውላታል። የላይኛው የሳቸው፣ የታችኛው የሷ ነው። በዚያም ላይ ሸሪፋ የሥጋዋን ፌስታል አፉን በአረንጓዴ ክር ታስረዋለች። ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ግን ወሬ መቼ ይሄንን ሁሉ ይጠይቃል? በሁለት ሳምንት ውስጥ የአርቡ ሰው በግማሽ ቀነሰ።

ያዳኗት ሐጂ ሚስባህ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ ያለ የስልጤ ነጋዴ ሲጣላ የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው። አንድ አርብ መጥተው መሐለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና፣ ሰው ሁሉ እያየ ወጡን እስከ መጨረሻው በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ «እኔ የበላሁበትን ቤት የሚጠራጠር እኔን ይጠርጥር» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በየአርቡ ቀድመው የሚቀመጡት እሳቸው ሆኑ፤ እሳቸው ሳይጎርሱም ማንም እጁን አይዘረጋም። ሸሪፋ «አባባ» ነው የምትላቸው። ባሏ ሲሞት እትዬ ገንዘቤ ደጅ ቆመው ቤቱን የለመኑላት እሳቸው ናቸው፣ የገዛ አባቷን ገና በልጅነቷ አፈር ስላለበሰችው እሳቸውን አባት አድርጋ ይዛለች። እሳቸውም ሲበሉ ጠርተው ሳያጎርሷት የዋሉበት አርብ የለም።

እንግዲህ በሰማንያ ዘጠኝ ክረምት፣ በአንድ የሐምሌ አርብ፣ ሸሪፋ ሌሊቱ ሳይነጋ ተነስታ ሥጋዋን ከፍሪጅ አወጣች። መብራት ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እንደጠፋ ነው። በዳበሳ የታችኛውን መደርደሪያ አገኘች፣ ፌስታሉን ሳበች። ክር የለውም። ቆም አለች። ወልቆ ይሆናል ብላ አለፈችው። ኩራዙ ጋ ወስዳ ስትከፍተው ሥጋው ቀይ፣ ጮማው ልከኛ፣ አጥንቱ ጥቂት ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ ዛሬስ ራርቶልኛል ብላ ሳቀች፣ ሽንኩርቷንም ጣደች።

ሰባት ሰዓት አልፎ ጁምዓው ሲያልቅ ሰማዩ ተቀደደ። ጣሪያው ከመጮሁ የተነሳ ሸሪፋና ታናሽ እህቷ ራህማ ወጥ ቤት ውስጥ በምልክት ይነጋገሩ ጀመር። ሰዉ የመስጊዱ በረንዳ ላይ ተጠልሎ መቅረቱን ሸሪፋ ገመተች። ሐጂ ሚስባህ ብቻ በጥቁር ጃንጥላቸው ተጠልለው መጡ፤ ረሃብና ዝናብ ከመጡባቸው መጀመሪያ የሚገላገሉት ረሃቡን ነው። ጥግ ላይ ሁለት አናጺዎች የጾም ምስራቸውን ይበላሉ። ሐጂ መሐለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፣ ሸሪፋ አቀረበችላቸው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ። እሷም ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ወጥ ቤቱን ከበላተኛው የሚለየው ከጉልበት በታች የማይደርስ አንድ ጨርቅ መጋረጃ ነው።

እትዬ ገንዘቤ በጓሮ በር የገቡት ያን ጊዜ ነው። ነጠላቸው ረጥቧል፣ እግራቸው ላይ የልጃቸውን ትልቅ ቦቲ አጥልቀዋል፣ በእጃቸው ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለዋል።

«አንቺ ሸሪፋ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

የፌስታሉ አፍ በአረንጓዴ ክር ታስሯል።

«ከየት አመጡት?» አለች ሸሪፋ።

«ከየት አመጣዋለሁ፣ ከፍሪጁ ነዋ! ነገ ሚካኤል አይደል፣ ማኅበርተኞቼ ይመጣሉ። መብራቱ እምቢ ስላለ ሥጋዬ እንዳይበላሽ ላየው ብሄድ የኔ የለም፤ ያንቺ ነው ያለው። ትናንት ማታ በረዶው ቀልጦ ውኃው ሲፈስ ሁሉንም አውጥቼ ወልውዬ መልሼዋለሁ። እንግዲህ በጨለማ ላይና ታቹን…»

አልጨረሱትም። ዓይናቸው ድስቱ ላይ አረፈ። የሸሪፋም ዓይን እዚያው ነበር።

ጠዋት ጨው ስታይ ሦስት ጊዜ ቀምሳዋለች። አፏን በሻሿ ጫፍ አፈነች። እትዬ ገንዘቤ አይተዋት ፊታቸው ተኮማተረ።

«ምነው? የኔ ሥጋ መርዝ ነው?»

«እትዬ፣ እንደሱ አይደለም፣ ያውቁታል…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ተይው። እኔስ ብሆን ያንቺን ቀምሼ ቢሆን ይሄኔ ንስሐ አባቴ ደጅ ነበርኩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የበላ ሰው አለ?»

ሸሪፋ መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገችው። ሐጂ ሚስባህ ከትሪው ግማሹን ጨርሰዋል። ጥሩ ጥሩውን ቁራጭ ለመጨረሻ ማቆየት ልማዳቸው ስለሆነ ጮማ ያለውን ወደ ዳር ገፍተውታል።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ገንዘቤ። «ሐጂ!»

ራህማ ትሪ ላይ ልትዘረጋ ያነሳችውን እንጀራ በሁለት እጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እትዬ ገንዘቤ ግን ሽብር የማያውቃቸው ሴት ናቸው። የሸሪፋን ክንድ ያዟት።

«ስሚኝ። ሳያውቁ የበሉት ነው፣ ኃጢአት የለበትም፤ ይሄ በናንተም በኛም አንድ ነው። ድስቱን እኔ በጓሮ አወጣዋለሁ። ለሰዉ ዛሬ ሥጋ የለም ትያለሽ፣ መብራት ጠፍቶ ተበላሸ ትያለሽ፣ ያምኑሻል። የማኅበሩን ነገር ተይው፣ ዶሮ አሳርዳለሁ። እኔ እንደሆንኩ አፌን ቢፈለቅቁት አልናገርም። ይቺም እህትሽ ናት። ማን ያውቃል?»

ማንም። ይህ ነበር ነገሩን ያከበደው። ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሸሪፋ በመጋረጃው ስንጥቅ ቆማ የሐጂን እጅ ታያለች። አራት እርምጃ ነው። አራት እርምጃ ሄዳ «አባባ፣ ይተዉት» ማለት ብቻ ነው የሚፈለገው። ግን ካለች በኋላስ? ያ ወሬ እውነት ነበር ማለት ነው። ሐጂ በነጋዴው ሁሉ ፊት ስለሷ አፋቸውን ሞልተው የተናገሩት ቃል መሳቂያ ሆነ ማለት ነው። ሃያ አምስቱ ሰው መንገዱን ተሻግሮ መስታወቱ ቤት ይገባል፣ አይመለስም። ልጆቿስ? ዝም ካለች ደግሞ ነገ ልክ እንደ ትናንት ነው።

ሐጂ እንጀራውን ቆረሱ፣ ወጡን ጠቀለሉ፣ ጎረሱ። ቀስ ብለው ነው የሚያኝኩት፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው። ሸሪፋ ጉሮሯቸው ሲወርድ አየችው። እግሯ አልተነሳም።

«እሺ በይኝ እንጂ» አሉ እትዬ ገንዘቤ በጆሮዋ። «ድስቱን ላንሳው?»

ሐጂ ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ሸሪፋ አሁን፣ አሁን አለች ለራሷ። ሐጂ ጎረሱ። ዋጡት። ውኃ ጠጡበት፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ለራሳቸው ፈገግ አሉ።

ጣሪያው በድንገት ጸጥ አለ። ዝናቡ ቆሟል። ከመንገዱ የሰው ድምፅ መምጣት ጀመረ፣ ጭቃ የሚረግጡ የብዙ ጫማዎች ድምፅም ተከተለ።

ያን ጊዜ ሸሪፋ ወጣች። ምን እንደምትል አስባለች፤ ዝንብ ገብቶበታል ብላ ትሪውን ታነሳዋለች። እውነቱን ለመናገር ገና አልቆረጠችም ነበር። ትሪውን ብቻ ከፊታቸው ላንሳው ነው ያለችው። ሐጂ ቀና ብለው አይዋት፣ ፊታቸው በራ።

«መጣሽ? ልጠራሽ ነበር እኮ! ዛሬስ እጅሽን ምን ነካው? እንዲህ ያለ ወጥ ከሠራሽልኝ ቆየሽ።» ያቆዩትን ጮማ ቁራጭ በእንጀራ ጠቀለሉት፣ አሽሞነሞኑት፣ እጃቸውን ወደ አፏ ዘረጉ። «በይ ነይ፣ እንኪ።»

በሩ ጨለም አለ። መጀመሪያ የገባው ሙዘሚል ነው፤ ገርጂ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ የሚሸጥ፣ ነገር ቶሎ የሚያነደው ሰው ነበር። ያንን ወሬ ካመኑት አንዱ ነው፣ የተመለሰው ሐጂን አክብሮ ነው። ከኋላው ስምንት ዘጠኝ ሰው ጫማውን ደጃፉ ላይ እያራገፈ ተከተለው። ሁሉም የሐጂን እጅና የሸሪፋን አፍ አዩ።

ሸሪፋ አፏን አልከፈተችም።

«ጉረሺ እንጂ፣ እጄ ደከመ» አሉ ሐጂ እየሳቁ።

አንገቷ ሳታዘው ወደ ኋላ ሸሸ። የአባትን ጉርሻ፣ ያውም ሰው ፊት፣ እምቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። አናጺዎቹ እንኳ መብላታቸውን አቆሙ።

«አባባ፣ ዛሬ… ጾመኛ ነኝ» አለች።

«ጾመኛ?» አለ ሙዘሚል ከበሩ። «ጠዋት እዚህ ሱቁ ደጃፍ ሻይ ስትጠጪ ሰላም አላልኩሽም እንዴ?»

ሙዘሚል ሁለት እርምጃ ገባ። ዓይኑ ከትሪው ወደ ሸሪፋ፣ ከሸሪፋ ወደ ትሪው ሄደ።

«ሸሪፋ፣ አንቺ የማትበይውን ነው እንዴ እኛን የምታበይን?»

ከዚህ ወዲያ ማምለጫ የለም። ዝንቡም፣ ጾሙም፣ የተበላሸው ሥጋም ከአእምሮዋ ጠፉ።

«ሥጋው የኔ አይደለም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «የእትዬ ገንዘቤ ነው። ከክርስቲያን ሥጋ ቤት የተገዛ ነው። ጠዋት በጨለማ ተሳስቼ ነው ያወጣሁት። የኔው ክሩ እንኳ ሳይፈታ ያው ውስጥ አለ። ወላሂ ተሳስቼ ነው። እኔም ሳላውቅ ቀምሼዋለሁ።»

ቤቱ ተናወጠ። አንዱ «አስተግፊሩላህ» ይላል፣ አንዱ ይራገማል፣ አንዱ ወደ መታጠቢያው ሮጦ ይተፋል፤ ምንም ሳይቀምስ የተፋም ነበር። የሙዘሚል ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

«ብያችሁ አልነበረም? አላልኳችሁም? ዛሬ ስለተያዘች ነው እንጂ እስከ ዛሬ ምን ስታበላን እንደከረመች ማን ያውቃል!»

መጋረጃው ተገለበጠና እትዬ ገንዘቤ ትልቁን ቦቲ እየጎተቱ ወጡ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! ቦታውን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ! እሷን ምን አድርጊ ነው የምትሏት? ፍሪጁ የኔ፣ እጁ የኔ! ከፈለጋችሁ እኔን ስደቡኝ!»

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሐል ሐጂ ሚስባህ ከወንበራቸው አልተነሱም። ጉርሻው አሁንም በጣቶቻቸው መካከል ነው። በመጨረሻ ትሪው ዳር ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት። ያን ጊዜ ሰዉ አንድ በአንድ ዝም አለ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

«አሁን!» አሉ እትዬ ገንዘቤ ፈጥነው። «አሁን በዚች ደቂቃ ነው የነገርኳት፣ ከአፌ ሳይወጣ ነው ወደርስዎ የሮጠችው። ሚካኤልን!»

ሸሪፋ ዞር ብላ አየቻቸው። የሚካኤል ዋዜማ ነው፤ ነገ በስሙ ዝክር የሚያወጡት ሴት ዛሬ ለሷ ሲሉ በሱው በሐሰት ማሉ። ሸሪፋ በሕይወቷ ማንም እንዲህ አድርጎላት አያውቅም፤ ደስ ሊላት ሲገባ አፈረች።

«ወይዘሮ ገንዘቤ፣ እኔ የጠየቅኩት እሷን ነው» አሉ ሐጂ በትሕትና። ወደ ሸሪፋ ተመለሱ። «እየበላሁ መጋረጃው ሥር እግርሽን አየው ነበር። ያንቺን እግርና ይሄንን ቦቲ። ቆማችሁ ነበር። የቤት ጉዳይ መስሎኝ ነበር። መቼ ነው ያወቅሽው፣ ልጄ?»

«አሁን» ብትል ይቀበሏት ነበር። ፊታቸው ላይ ይታያል፤ አሁን በይኝ የሚል ልመና ይመስል ነበር። ሰዉም ይቀበላት ነበር። እትዬ ገንዘቤ ምለውላታል፣ ራህማ አትናገርም፣ አንዲት ቃል ናት። ሸሪፋ ያችን ቃል አፏ ድረስ አምጥታ ፊታቸውን አየች፣ እሳቸውን ግን ደግማ መዋሸት አቃታት።

«ካወቅኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ጎርሰዋል» አለች።

«ሁለት» አሉ ሐጂ።

ሲናገሩ ድምፃቸው አልጮኸም፣ ሸሪፋ ቢጮኹባት ትመርጥ ነበር።

«ሳላውቅ የበላሁትን አላህ ያውቀዋል። ተሳስተሽ ማቅረብሽንም አልይዝብሽም፤ መብራት ይጠፋል፣ እጅ ይሳሳታል። ፈርተሽ ነው፣ እሱም ይገባኛል፤ የልጆች እናት ነሽ። ግን ሁለቱን ስውጥ ቆመሽ አየሽ። ሦስተኛው ወዳንቺ አፍ ሲመጣ ዘጋሽው። ለኔ ሁለት የፈቀድሽውን ለራስሽ አንድ አልፈቀድሽም።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሸሪፋ ራሷ አላሰበችውም ነበር፤ የገዛ አፏ ሲዘጋ እንኳ ምን እንዳደረገች አላወቀችም። አሁን አወቀች። መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር።

ሐጂ ተነሱ፣ በሩ ላይ ካለው ቆርቆሮ እጃቸውን ታጠቡ፣ አፋቸውን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ። ሙዘሚል ሰዉን በክንዱ እየገፋ «በሉ እንሂድ፣ ማዶ እንበላለን» ሲል ሰሙት።

«የትም አትሄድም፣ ሙዘሚል» አሉ እጃቸውን እያደረቁ። «ተቀመጥ። ይቺ ሴት ማንም በማያውቀው ነገር ራሷ ላይ መሰከረች፤ ያውም ሌላ ሰው ምሎላት። ማዶ ያለው ሰውዬ ድስቱ ውስጥ ያለውን እንዲህ ይነግርሃል? ይነግረኛል ካልክ ሂድ።»

ሙዘሚል ክንዱን ከሰዉ ላይ አነሳ።

«ይሄ ድስት ይውጣ። ዛሬ ምስር ብሉ፣ ምስር ሰው አይገድልም። የሚመጣው አርብ ደግሞ ሥጋውን ሙዘሚል ራሱ ከሥጋ ቤት አምጥቶ ጠዋት በእጇ ያስረክባት፤ አንድ ሌሊት እንኳ ሰው ቤት አይደር። ከዚያ ወዲያ ወሬ የሚያወራ እኔ ጋ ይምጣ።»

ሰዉ ተያየ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ፣ ከዚያ ሁለት ሰዎች። ሙዘሚል እያጉረመረመ የሚያነክሰውን ጠረጴዛ ሳበና ተቀመጠ። ራህማ ምስሩን ይዛ ከመጋረጃው ብቅ አለች። እትዬ ገንዘቤ ድስቱን በሁለት ጨርቅ ይዘው በጓሮ ወጡ፤ ሲሄዱ «ሚካኤል ይቅር በለኝ» ሲሉ ይሰማሉ።

ሐጂ ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ። ሸሪፋ ነጠላ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ እየተቀረቀረ ሮጣ፣ በያጆቹ ጋ ደረሰችባቸው።

«አባባ! አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ቆሙ። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቋት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «እዚያው ወንበሩ ላይ ሳለሁ ነው ይቅር ያልኩሽ።»

ልቧ ትንሽ ተመለሰ። «እንግዲያው አርብ ይመጣሉ? ቦታዎን…»

«አልመጣም።»

«አሁን ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም?»

«ብያለሁ። ከልቤ ነው፣ ወላሂ ከልቤ ነው። ልጆችሽ ቢታመሙ፣ ቤት ቢጠብሽ፣ እንደ ድሮሽ ነይ፤ በሬ ያው ነው። መብላቱ ነው የማይሆንልኝ።» የጃንጥላቸውን ጫፍ ጭቃው ላይ ተከሉት፣ ዓይናቸውን ከዓይኗ አነሱ። «አንቺ ቤት ጉርሻ ባነሳሁ ቁጥር መጋረጃው ሥር እግርሽን ነው የማየው። እንዲህ እየሆነ እህል አይወርድም፣ ልጄ። ሽሮውም አይወርድም።»

ጭንቅላቷን በመዳፋቸው ነካ አድርገው ሄዱ። ሸሪፋ ቆማ አየቻቸው። ጭቃው መሐል ደረቅ ቦታ እየመረጡ፣ አንዴ የበያጆቹን አጥር እየያዙ፣ ሽቅብ ወደ ትልቁ መንገድ ወጡና ታክሲ ከሚጠብቀው ሰው ጋር ተቀላቀሉ። ማንም አልሞተባትም። ቤቷም አልተዘጋም። ግን አባቷን የቀበሩ ዕለት የተሰማት ያው ነገር ተሰማት፤ ያኔ ልጅ ነበረች፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የራሷ ነው። እዚያው በያጆቹ ፊት ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።

ከኋላዋ፣ ከቤቷ፣ የሙዘሚል ድምፅ ጮኸ።

«ሸሪፋ! ኧረ ሰው ተርቧል፣ ምስር ጨምሪ እንጂ!»

ስትመለስ ቤቱ ሞልቷል፣ ሁለት ሰዎች እንዲያውም ቆመው ቦታ ይጠብቃሉ። ፊቷን በሻሿ ጠረገች፣ ጭልፋውን ከራህማ ተቀበለች፣ ለሙዘሚልም ምስር ጨመረችለት።